ጨውና የባሕር ጠለል፦ ከአምባሰል ተፋሰሶች የተነሣ ዳሰሳ

የባሕር ጠለል ለምን ከፍ ዝቅ ይላል የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሱት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የየብስ በረዶ መቅለጥ፣ ሁለተኛው የውሃው መሞቅ ነው። ሦስተኛው፣ ማለትም በውሃው ውስጥ የሟሟው ጨው መጠን፣ እምብዛም አይነሣም፤ ሲነሣም ብዙውን ጊዜ ከሁለት ጽንፍ በአንዱ ይታያል። አንዱ ወገን ባሕር የሚሞላው ወንዞች ከየብስ ጨው እያጠቡ ስለሚያስገቡበት ነው ሲል፣ ሌላው ጨው ከጣዕሙ በቀር በባሕር ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም ይላል። የዚህ ዳሰሳ ዓላማ በሁለቱ መካከል ያለውን እውነት በመዘርዘር፣ ጨው የዓለምን የባሕር ጠለል በጠቅላላው ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ ረገድ ድርሻው እጅግ ትንሽ መሆኑን፣ በየባሕሩ መካከል ላለው የከፍታ ልዩነት ግን ዋና ምክንያት መሆኑን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጠለሉ ለውጥ ከምን እንደመጣ ለይቶ የሚያሳይ ምስክር መሆኑን ማሳየት ነው።

በደጋው ኢትዮጵያ የባሕር ጠለል የሚታወቀው በአብዛኛው ተራራና ከተማ የሚለካበት መነሻ፣ የከፍታ ዜሮ ሆኖ ነው። ይሁን እንጂ በደቡብ ወሎ የሚገኘው የአምባሰልና የሐይቅ አካባቢ ከየትኛውም ባሕር የራቀ ቢሆንም ለጉዳዩ የተመቸ መነሻ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ከፍታ ላይ የሚጥለው ዝናብ መጨረሻው ሦስት ዓይነት ነው። ወደ ምዕራብ የሚያዘነብለው ወደ በሽሎ ይወርድና ከዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር አቅጣጫ ይጓዛል። ወደ ምሥራቅ የሚፈሰው ደግሞ በተሁለደሬ ወረዳ ከሱሉላ በስተ ምዕራብ በሚነሣው በሚሌ ወንዝ አማካይነት አዋሽን ይቀላቀልና ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ቀሪው ከአርዲቦ ሐይቅና ከዙሪያው ኮረብታዎች ተሰብስቦ፣ ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ወዳለው፣ በገጸ ምድር መውጫ ወደሌለው ሎጎ ሐይቅ ይገባል። በሦስቱም መንገዶች ውሃው ጥቂት የሟሟ ጨው ይዞ ይሄዳል፤ ጨውና የውሃ ከፍታ ያላቸው ዝምድናም በሦስቱ መዳረሻዎች በሦስት የተለያየ መልክ ይታያል።

የዝምድናው መሠረት

አንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውሃ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ይህ መጠን ጨዋማነት ይባላል። ጨው ሲሟሟ የውሃውን ጥግግት፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለውን ክብደት ይጨምራል። አንድ ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ሲመዝን ቀዝቃዛ የባሕር ውሃ 1,028 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ እኩል ክብደት ካላቸው ሁለት ውሃዎች ጨዋማው የሚይዘው ቦታ ያነሰ ነው፤ ከባሕሩ ሥር እስከ ገጹ ያለው የውሃ ዓምድ ክብደቱ ሳይለወጥ ጨዋማነቱ ቢጨምር ቁመቱ ያጥራል፣ ጨዋማነቱ ቢቀንስ ደግሞ ይረዝማል። የባሕር ተመራማሪዎች ይህን ጨው ወለድ የከፍታ ለውጥ ሲሉት፣ ውሃው ሲሞቅ በመለጠጡ የሚመጣውን ሙቀት ወለድ ይሉታል፤ ሁለቱም የሚለውጡት ይዘትን ብቻ ስለሆነ፣ ውሃ ተጨምሮ ወይም ተቀንሶ ከሚመጣው ለውጥ ተለይተው ይቆጠራሉ።

መጠኑ ቀላል የሚባል አይደለም። 1,000 ሜትር ጥልቀት ባለው የውሃ ዓምድ ውስጥ ጨዋማነቱ በኪሎ ግራም በ0.1 ግራም ብቻ ቢቀንስ ጠለሉ በ7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ያው ዓምድ በሞቃታማው ቀጣና በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይነሣል፤ በዋልታ አካባቢ፣ ውሃው ሊረጋ ጥቂት በቀረው ሙቀት ላይ፣ ያው አንድ ዲግሪ የሚያስከትለው ከፍታ ግን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ለሙቀት ለውጥ ብዙ ስለማይለጠጥ፣ በሰሜንና በደቡብ ዋልታ ባሕሮች የጠለሉን ከፍታ የሚወስነው በአብዛኛው ጨው ነው ማለት ነው።

የዓለም ድምር

ከዚህ በመነሣት የቀለጠ በረዶ ውቅያኖሶችን እያቀጠነ የዓለምን የባሕር ጠለል በጨው በኩል ከፍ ያደርጋል ብሎ መደምደም ይቻል ይመስላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። አንድ ቶን ንጹሕ ውሃ ወደ ባሕር ሲገባ አንድ ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። ያው አንድ ቶን እንደ ባሕር ውሃ የጠገገ ቢሆን ኖሮ 973 ሊትር ያህል ብቻ ይይዝ ነበር፤ ስለዚህ ከጨው መቅጠን የሚመጣው ትርፍ 27 ሊትር ነው። ታዋቂው የውቅያኖስ ተመራማሪ ዋልተር መንክ እ.ኤ.አ. በ2003 በሳይንስ መጽሔት ላይ ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ይህን ጥምርታ አጉልቶ አሳይቷል፤ በስሌቱ መሠረት ከየብስ የመጣ ንጹሕ ውሃ በአጠቃላይ የሚያስከትለው የጠለል ከፍታ፣ ባሕሩ በመቅጠኑ ብቻ ከሚመጣው ወደ 37 እጥፍ ይበልጣል።

የዚህ ስሌት ጥቅም ጨው ትንሽ መሆኑን በማሳየት አያበቃም። በ2002 አንቶኖቭ፣ ሌቪተስና ቦየር ከ1957 እስከ 1994 የተሰበሰቡ ልኬቶችን መርምረው፣ የውቅያኖሶች መቅጠን በዓመት 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍታ እንዳመጣ ገምተው ነበር። መንክ ይህን ትንሽ ቁጥር በጥምርታው ሲያባዛው ከየብስ የገባው ውሃ በዓመት 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍታ ሊያስከትል እንደሚችል አገኘ፤ ወዲያውም ይህ የሚሠራው ንጹሑ ውሃ ከየብስ በረዶ የመጣ ከሆነ ብቻ እንደሆነ አሳሰበ። የሚንሳፈፍ በረዶ ገና ሳይቀልጥ ክብደቱን የሚያህል የባሕር ውሃ ገፍቶ ቦታውን ስለያዘ፣ ሲቀልጥ የሚጨምረው እነዚያን 27 ሊትሮች ብቻ ነው። ባሕሩ እኩል ቀጥኖ ሳለ፣ ንጹሑ ውሃ ከየት መጣ በሚለው ብቻ የጠለሉ ለውጥ በ37 እጥፍ ሊለያይ ይችላል ማለት ነው።

የዓለም አማካይ ጨዋማነት ራሱ የሚለወጠው እጅግ በዝግታ ነው። የውቅያኖሶች አማካይ ጥልቀት 3,700 ሜትር ያህል ነው፤ የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓናል እንደሚለው ከ1901 እስከ 2018 የባሕር ጠለል በ20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል፣ ከዚህ ውስጥ ከፊሉ የመጣው ከውሃው መሞቅ እንጂ ከውሃ መጨመር ስላልሆነ፣ በመቶ ዓመት የተጨመረው ንጹሕ ውሃ ጨዋማነቱን የቀነሰው በኪሎ ግራም በአንድ ሺህኛ ግራም ገደማ ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በበረዶ ዘመናት ነው፤ ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት ከ120 ሜትር የማያንስ የባሕር ውሃ በየብስ ላይ በረዶ ሆኖ በተከማቸ ጊዜ የቀረው ባሕር ከዛሬው በኪሎ ግራም አንድ ግራም ያህል የጨመረ ጨዋማነት ነበረው። ወንዞች በየዓመቱ የሚያስገቡት ጨው በበኩሉ ከባሕሩ ስፋት አንጻር ኢምንት ነው፤ በባሕሩ ሥር እየዘቀጠ የሚወጣም ስላለ፣ በሰው ልጅ ዕድሜ በሚቆጠር ጊዜ የባሕርን ከፍታ አይለውጥም።

የባሕሮች እኩል አለመሆን

የባሕር ጠለል በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ልክ ያለው፣ ዝርግ ገጽ አይደለም። በዓለም አቀፉ ድምር ውስጥ እዚህ ግባ የማይባለው ጨው በየባሕሩ መካከል ያለውን ልዩነት ሲመረምሩት ዋና ተዋናይ ሆኖ ይገኛል። የሰሜን ፓስፊክ ውሃ ከሰሜን አትላንቲክ ይልቅ የቀጠነ በመሆኑ ጠለሉም ከፍ ያለ ነው፤ በጠባቧ የፓናማ ምድር ግራና ቀኝ እንኳ የፓስፊኩ ዳርቻ ከካሪቢያኑ በ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል። ብዙ ወንዝ የሚገባበትና ትነቱ አነስተኛ የሆነው የባልቲክ ባሕር፣ በሰሜን ጫፉ ከሰሜን ባሕር መግቢያው ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት የውሃው መቅጠን ነው።

ልዩነቱ ከጊዜ ጋርም ይለዋወጣል። በአርክቲክ ውቅያኖስ በቦፈርት ባሕር፣ ነፋስ ንጹሕ ውሃን ወደ መሐል ሰብስቦ በማከማቸቱ ከ2002 እስከ 2010 ባለው ጊዜ የባሕሩ ገጽ በ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ማበጡን የሳተላይት ልኬቶች አሳይተዋል። በሰፊው ሲታይ ደግሞ ዱራክና ባልደረቦቹ በ2012 እና በ2014 ያወጧቸው ጥናቶች እንደሚያስረዱት፣ የአየር ሙቀት ሲጨምር ትነትና ዝናብ ስለሚበረቱ ጨዋማው ባሕር ይበልጥ ይከርራል፣ ቀጭኑም ይበልጥ ይቀጥናል፤ በዚህም የተነሣ ጨው በፓስፊክ በኩል ከፍታን ሲጨምር በአትላንቲክ በኩል ይቀንሳል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ግን ይጣፋሉ። በሰሜን አትላንቲክ ሌላም ነገር ይጨመራል። በዚያ ጨዋማው ውሃ ቀዝቅዞና ከብዶ ወደ ጥልቁ በመስመጥ ታላቁን የውቅያኖስ ጅረት ስለሚያንቀሳቅስ፣ ከግሪንላንድ የሚወርደው ንጹሕ ውሃ ያን መስመጥ ካዳከመው በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ጠለሉ ከዓለም አማካይ በላይ እንደሚጨምር የአየር ንብረት ሞዴሎች ይተነብያሉ።

የልኬቱ ነገር

ይህን ሁሉ ለመለየት ሦስት ዓይነት መሣሪያዎች ይተባበራሉ። ከ1992 ጀምሮ የሚሠሩ ሳተላይቶች የባሕሩን ገጽ ከፍታ በራዳር ይለካሉ፤ ከ2002 ጀምሮ ግሬስ የተባሉት ሳተላይቶች የምድርን ስበት በመለካት የውሃውን ክብደት ይከታተላሉ፤ አርጎ በሚል ስም የሚታወቁት ወደ 4,000 የሚጠጉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ደግሞ እስከ 2,000 ሜትር ጥልቀት እየወረዱ ሙቀትንና ጨዋማነትን ይመዘግባሉ። የክብደት ለውጥና የይዘት ለውጥ ሲደመሩ ከከፍታው ለውጥ ጋር መግጠም አለባቸው።

ከ2016 ገደማ ጀምሮ ግን ሒሳቡ አልገጥም ብሎ ነበር። ቼንና ባልደረቦቹ፣ ፖንቴና ባልደረቦቹ፣ እንዲሁም ባርኑና ባልደረቦቹ በ2020 እና በ2021 ባወጧቸው ጥናቶች እንደታየው፣ ለክፍተቱ አንዱ ትልቅ ምክንያት የአንዳንድ አርጎ መሣሪያዎች የጨው መለኪያ ቀስ በቀስ ከእውነተኛው ልክ ወደ ላይ መዛነፉ ነው። ባሕሩ የጨወየ መስሎ በመታየቱ፣ ያልተከሰተ ጨው ወለድ የጠለል መቀነስ በሒሳቡ ውስጥ ገብቶ ነበር። ስሕተቱ ሊታወቅ የቻለው የዓለም ውቅያኖስ አማካይ ጨዋማነት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያን ያህል ሊለወጥ እንደማይችል አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው፤ መሠረታዊው ሕግ የመሣሪያውን እንከን አጋለጠው ማለት ይቻላል።

ምዕራቡ መንገድ፦ ዓባይና ሜዲትራኒያን

የሜዲትራኒያን ባሕር በትነት የሚያጣው ውሃ ከዝናብና ከወንዞች ከሚያገኘው ይበልጣል፤ ጉድለቱንም በጅብራልታር በኩል ከአትላንቲክ በሚገባ ውሃ ይሞላል። የሚገባው ውሃ ጨዋማነት በኪሎ ግራም 36 ግራም ገደማ ሲሆን፣ በምሥራቁ ጫፍ 39 ይደርሳል። ይህ የጠገገ ውሃ የባሕሩን ጠለል ከአትላንቲኩ ዝቅ ያደርገዋል።

ከበሽሎና ከሌሎች ገባሮች የሚሰበሰበው የዓባይ ውሃ በዚህ ባሕር ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። በአፍሪካ የእርጥበት ዘመን፣ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ለበርካታ ሺህ ዓመታት፣ ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደው ጎርፍ የምሥራቅ ሜዲትራኒያንን ገጽ ከማቅጠኑ የተነሣ የላይኛው ውሃ ወደ ጥልቁ መስመጥ አቁሞ ነበር፤ ጥልቁ አየር አጥሮት የበሰበሱ ሕያዋን ቅሪት ያለበት ጥቁር ዝቃጭ ተነጥፎ ቀርቷል። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ተቃራኒው ደረሰ። የአስዋን ታላቁ ግድብ ከ1964 ጀምሮ ውሃ መያዝ ሲጀምርና በ1970 ሲጠናቀቅ ወደ ባሕሩ የሚደርሰው የዓባይ ውሃ እጅግ ቀነሰ። ሮሊንግና ብራይደን በ1992 የምዕራብ ሜዲትራኒያን ጥልቅ ውሃ መጨወዩን ከዚህ የወንዝ ውሃ መቅረት ጋር አያይዘውታል። ሲምፕሊስና ቤከር በ2000 እንዳሳዩት፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ የሜዲትራኒያን ጠለል ከዓለም አዝማሚያ ተለይቶ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል፤ ለዚህም የአየር ግፊት መጨመርና የውሃው መጨወይ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ግን አሁንም ያከራክራል።

ምሥራቁ መንገድ፦ አፋርና ቀይ ባሕር

በምሥራቅ በኩል ጨው የጠለል ታሪክ ጸሐፊ ሆኖ ይገኛል። ቀይ ባሕር የሚገባበት ወንዝ የለም ለማለት ይቻላል፤ በዓመት 2 ሜትር ያህል ውሃ በትነት ያጣል፤ በባብ ኤል መንደብ የሚገባው ውሃ በሰሜን ጫፉ በኪሎ ግራም 40 ግራም ጨዋማነት ይደርሳል። መግቢያው ላይ፣ በሐኒሽ ደሴቶች አካባቢ፣ ጥልቀቱ 137 ሜትር ብቻ የሆነ የድንጋይ ደፍ አለ። በበረዶ ዘመን የዓለም ጠለል ከ120 ሜትር ባላነሰ ሲወርድ በደፉ ላይ የሚያልፈው ውሃ መጠን እጅግ አነሰ፤ ትነቱ ግን ቀጠለ፤ የባሕሩ ጨዋማነት ወደ 50 ግራም ስለተጠጋና ስላለፈ በገጹ የሚኖሩት ፎራሚኒፌራ የተባሉ ባለ ቅርፊት ደቂቅ ፍጥረታት ከአብዛኛው ባሕር ጠፉ። ሮሊንግና ባልደረቦቹ በ1998፣ ሲዳልና ባልደረቦቹ በ2003 ይህን ዝምድና ወደ ኋላ በማስላት፣ በዝቃጩ ከተመዘገበው የጨዋማነት ምልክት የ470,000 ዓመት የዓለም የባሕር ጠለል ታሪክ አውጥተዋል።

ደናክል ደግሞ መግቢያው ፈጽሞ ሲዘጋ የሚሆነውን ያሳያል። ይህ ዝቅተኛ ምድር በአንድ ወቅት የቀይ ባሕር ሰላጤ ነበር፤ በዳርቻው ያሉት የኮራል ድንጋዮች ይህን ይመሰክራሉ። ከባሕሩ ከተቆረጠ በኋላ ውሃው ተንኖ ጨዉ ቀረ፤ ለብዙ መቶ ዓመታት በደጋው ገበያ ገንዘብ ሆኖ ያገለገለው አሞሌ የተጠረበው ከዚሁ ክምችት ነው። ዛሬ የሀገሪቱ ገበታ ጨው በአብዛኛው የሚመረትበት የአፍዴራ ሐይቅም ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በጅቡቲ፣ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ በበኩሉ ጉበት ከተባለው ሰላጤ በድንጋይ ስንጥቅ የሚሰርግ የባሕር ውሃ ይመግበዋል፤ የሐይቁ ከፍታ የሚረጋው የሚገባውና የሚተነው እኩል በሚሆኑበት ላይ ነው። በዚህ ሚዛን ውስጥ ጨው ራሱ ይገባበታል፤ እጅግ የከረረ ውሃ ከንጹሕ ውሃ ይልቅ በዝግታ ስለሚተን፣ ሐይቁ እየጨወየ በሄደ ቁጥር የመጉደሉ ፍጥነት ይቀንሳል።

መካከለኛው መንገድ፦ ሎጎ ሐይቅ

23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋውና በባክስተርና ጎሎቢትሽ የ1970 ጽሑፍ ጥልቀቱ 88 ሜትር ሆኖ የተመዘገበው ሎጎ ሐይቅ ጠለሉ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ላይ እንደነበረ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ደሴት ብሎ እንደጻፈው ይታወቃል፤ ዛሬ ግን ስፍራው ከየብስ ጋር የተያያዘ ልሳነ ምድር ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የሚናገረው ዝቃጩ ነው። ዲያቶም የሚባሉት ባለ መስታወት ቅርፊት ደቂቅ አልጌዎች በየዓይነታቸው የሚወዱት ጨዋማነትና ጥልቀት ስላለ፣ በ2018 በሎክስና ባልደረቦቿ የታተመ ጥናት የ15,600 ዓመት የሐይቁን ታሪክ ከእነርሱ አንብቧል፤ በታሪኩ መጀመሪያ ሐይቁ በታላቅ ድርቅ እጅግ ጎድሎ ነበር፤ በኋላም በእርጥበቱ ዘመን ሞላ። ያ ዘመን ዓባይ የሜዲትራኒያንን ገጽ ያቀጠነበት ዘመን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። መውጫ የሌለው ሐይቅ እንደ አቤ ወይም እንደ አብያታ ሊጨው ይገባው ነበር፤ የሎጎ ውሃ ግን ጨዉ በሊትር አንድ ግራም ገደማ ነው፤ ዓሣም ይመረትበታል። የተሻለው ማብራሪያ ውሃው በከርሰ ምድር በኩል እየሰረገ ጨዉን ይዞ ይወጣል የሚለው ነው። የተጣደ መረቅ ተንተክትኮ ሲጎድል ጨዉ ይከርራል፤ በጭልፋ ሲቀዳ ግን መረቁ ይጎድላል እንጂ ጨዉ አይለወጥም፤ ትነትና ስርገትም እንዲሁ ናቸው። በመተሐራ የሚገኘው በሰቃ ሐይቅ ተቃራኒውን ያሳያል፤ በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ሐይቅ ከ40 በላይ ሲሰፋ ጨዋማነቱ በእጅጉ ቀንሷል፤ ይህም መስፋቱ ከውጭ በገባ ቀጭን ውሃ እንጂ በትነት መቀነስ ብቻ እንዳልመጣ ያሳያል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘሩት ጉዳዮች በስፋታቸው ቢለያዩም ወደ አንድ ነጥብ ያመራሉ። ከፍታ ብቻውን ሲለካ ውሃው መጨመሩን ወይም መጉደሉን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም፤ ጨዋማነቱ አብሮ ሲለካ ግን ምክንያቶቹ ይለያያሉ። ባሕር ከፍ ብሎ ጨዋማነቱ ካልቀነሰ የሞቀ ነው፤ ከቀነሰ ንጹሕ ውሃ ገብቶበታል፤ የገባው ከየብስ ይሁን ከሚንሳፈፍ በረዶ የክብደቱ ልኬት ይለየዋል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ጎድሎ ከጨወየ የወሰደው ፀሐይና ነፋስ ነው፤ ሳይጨው ከጎደለ ግን በስርገት ወይም በሰው እጅ ተወስዷል።

ይህ ለሐይቅና ለአምባሰል ነዋሪ ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ ትርጉም አለው። በሎጎና በአርዲቦ ዙሪያ መስኖ፣ ዓሣ ማስገርና የከተማ መስፋፋት ውሃውን የሚሻሙ በመሆናቸው፣ ሐይቁ በጎደለ ቁጥር ድርቁ ነው ወይስ ፓምፑ የሚለው ክርክር መነሣቱ አይቀርም። የጠለሉ መለኪያ ዘንግ ይህን ክርክር ብቻውን ሊዳኝ አይችልም፤ በየወሩ ከዘንጉ ንባብ ጋር የሚመዘገብ የጨዋማነት ልኬት ግን ሊዳኝ ይችላል፤ መሣሪያውም በእጅ የሚያዝ፣ በውሃው ውስጥ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያልፍ በመለካት ጨዉን የሚገምት፣ ወጪው አነስተኛ የሆነ ነው። የአርጎ ተንሳፋፊዎች በውቅያኖስ የሚሠሩትን ሥራ በሎጎ ሐይቅ አንድ ጠንቃቃ መዝጋቢ ሊሠራው ይችላል።